ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤና የአዲሱ ዜማ መንገድ

አዲስ ዜማ በዛሬው ዘመን ወጣቱን ፈልጎ ይመጣል እንጂ ወጣቱ እሱን ፍለጋ ብዙ አይደክምም። በቢቸና ወይም በሞጣ ከተማ የሚኖር አንድ ተማሪ፣ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ራቱ እስኪቀርብ ድረስ፣ በእጁ ባለው ስልክ የአሜሪካኑን፣ የናይጄሪያውንና የኮርያውን ዘፈን ከጎጃሙ እስክስታ ጋር እያፈራረቀ ሊሰማ ይችላል። ከመቶ ዓመት በፊት ግን በዚያው አገር አዲስ ዜማ ለማወቅ የፈለገ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እያባረረው ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው ደብር በእግሩ መጓዝ ነበረበት። ዛሬ በዚህ ገጽ የሕይወታቸውን ታሪክ ባጭሩ የምንተርክላቸው ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የዚያ ዓይነቱ ትምህርት ያፈራቸው ሰው ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን ማሕሌት ተነሥተው እስከ ነሐስ ማርሽና እስከ ቴአትር መድረክ ደርሰዋል። ልዩ ልዩ ዓይነት ሙዚቃ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ እንዴት እንደሚገናኝ ለማየት ለሚፈልግ ሰው ከእርሳቸው የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ የሚገኝ አይመስለንም።

ዮፍታሔ የተወለዱት በ1887 ዓ.ም. ገደማ በጎጃም ደብረ ኤልያስ ነው። ደብረ ኤልያስ ዛሬ ቢቸናና ሞጣ በሚገኙበት በምሥራቅ ጎጃም ዞን ውስጥ ያለች፣ ከደብረ ማርቆስ እምብዛም የማትርቅ የሊቃውንት አገር ናት። የዚህን አገር ካርታ የሚመለከት ሰው ከከተሞቹ ስም ይልቅ የአድባራቱን ስም ቢያነብ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና በኩል ወደ ሞጣና ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈውን መንገድ ብንከተል፣ ከቢቸና አቅራቢያ ዲማ ጊዮርጊስን፣ ቀጥሎም ደብረ ወርቅ ማርያምን፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ እቴጌ እሌኒ ያሠሩአትን መርጡለ ማርያምን፣ በመጨረሻም የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል የተከሉትን ሞጣ ጊዮርጊስን እናገኛለን። በቅኔ ስማቸው የገነነው ዋሸራና ጎንጅም የጎጃም ናቸው። ከዮፍታሔ በኋላ የተነሡት ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረው፣ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው መጽሐፋቸው ዲማን በአገሩ ሁሉ ያሳወቋት በዚሁ ምክንያት ነው። በዚህ አገር የአንድ ሊቅ ስም ከተጠራ፣ ተማሪው ስንቁን ሳይቆጥር ወንዝ ተሻግሮ ይሄድ ነበር። እንግዲህ ለዛሬው ወጣት የዘፈን ማውጫ የሚያደርግለትን ሥራ ለዚያን ጊዜው ተማሪ የሚያደርግለት የመምህሩ ዝና ነበር ማለት ነው።

በዚህ ትምህርት ውስጥ ያለው ሙዚቃ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ፣ በዘመናዊ ትምህርት ቤት ያደግን ወጣቶች ብዙ ጊዜ አናስተውለውም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ተብሎ በሦስት ስልት ይከፈላል። ተማሪው ጾመ ድጓውንና ድጓውን ከነምልክቱ ያጠናል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የራሱ ቤት አለው፤ አቋቋም ደግሞ ሌላ ነው፤ በአቋቋም ጊዜ መቋሚያው፣ ጸናጽሉና ከበሮው ከእግርና ከትከሻ እንቅስቃሴ ጋር መስማማት አለባቸው። የዜማው ምልክት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በሚባሉ ሊቃውንት እንደ ተደራጀ ይነገራል። ስለዚህ አውሮፓውያን ኖታ የሚሉት ዓይነት ነገር ለኢትዮጵያ ደብተራ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም፤ መልኩ ቢለይም ዜማን በጽሕፈት መያዝ እንደሚቻል ያውቅ ነበርና።

ከሁሉ ይልቅ ለዮፍታሔ የወደፊት ሥራ መሠረት የሆነው ግን ቅኔው ይመስለናል። የቅኔ ተማሪ ቀን በየገደሉና በየዛፉ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ኋላም ለመምህሩ ይነግርና ይታረማል። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ እያንዳንዱ ዓይነት የታወቀ ልክና የታወቀ ዜማ አለው። ቃሉና ምሥጢሩ ግን ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለበት። ትናንት የተነገረውን ቅኔ ዛሬ የራስ አስመስሎ ማቅረብ የሚያሳፍር ነገር ነው። እኛ ይህን ልማድ በጣም እናደንቀዋለን። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያለፈውን መድገም ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙናል፤ እነዚህ ሰዎች በየበዓሉ አዲስ ነገር ካልፈጠረ በጉባኤ መካከል የሚያፍረውን የቅኔ ተማሪ አላዩትም። ለታወቀ ዜማ አዲስ ቃል ማልበስ የዮፍታሔ የልጅነት ሥራ ነበረ፤ ኋላ በአዲስ አበባ ለእንግዳ ዜማ የአማርኛ ቃል ማልበስ ሲያስፈልግ እጃቸው ያልተፍታታ ሰው አልነበሩም።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ደግሞ ሌላ ዓለም ነበረ። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ስልት ይዘፍናል፤ እረኛው ዋሽንቱን ይነፋል፤ በሠርግና በግዳይ ጊዜ ቀረርቶና ሽለላ ይሰማል። ደብተራ አዝማሪን እንደሚንቀው የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ ጆሮ አጥር አያግደውምና የጎጃም ልጅ ሁለቱንም እየሰማ ያድጋል። ዮፍታሔ በጻፏቸው ቴአትሮች ውስጥ የቅኔው ምሥጢርና የባላገሩ ዘፈን ጎን ለጎን መገኘታቸው ከዚህ የመጣ ነው ብለን እናምናለን።

ዮፍታሔ በወጣትነታቸው ጎጃምን ትተው ወደ አዲስ አበባ መጡ። የተጠሩበት ማዕረግ ራሱ የትምህርታቸውን ምንጭ ይመሰክራል። በማሕሌት ጊዜ ካህናቱ ቀኝና ግራ ሆነው በሁለት ረድፍ ይቆማሉ፤ መሪ ጌታው ሁሉን ይመራል፤ የቀኙን ወገን የሚመራው ቀኝ ጌታ፣ የግራውን የሚመራው ግራ ጌታ ይባላል። ይህን ማዕረግ የያዘ ሰው ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብቶ ሕፃናትን መዝሙር ሲያስተምር ማየት በዚያን ጊዜ አዲስ ነገር ነበር። ዮፍታሔ በዋና ከተማይቱ አዲሶች ትምህርት ቤቶች፣ ከእነርሱም መካከል በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት፣ አስተማሪ ሆነው ሠርተዋል። ለተማሪዎቻቸውም መዝሙር ይደርሱላቸው ጀመር።

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ ኢየሩሳሌም ዞር ይላል። የነሐስ ሙዚቃ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከዐድዋ ድል በኋላ የሩስያ መንግሥት ለዐፄ ምኒልክ መሣሪያ በላከ ጊዜ ነው። ነገር ግን ሙዚቃው ሥር የሰደደው በ1916 ዓ.ም. ነው ለማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ላይ አርፈው ሳለ፣ በአርመኖች ገዳም የሚያድጉ ወላጅ የሌላቸው ልጆች በነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። እነዚህ ልጆች በቱርክ ግዛት በአርመን ሕዝብ ላይ ከደረሰው እልቂት የተረፉ ነበሩ። ራስ ተፈሪ ከአርመን ፓትርያርክ ጋር ተስማምተው አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ ስማቸውም «አርባ ልጆች» ተባለ። መሪያቸው በአይንታብ ከተማ የተወለዱት ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። አገር ያጡ ልጆች ለሌላ አገር የመንግሥት ሙዚቃ ጓድ ሆኑ። እኛ ይህን ታሪክ በሰማን ቁጥር ልባችን ይነካል።

የደብረ ኤልያሱ ቀኝ ጌታና የአይንታቡ ሙዚቀኛ የተገናኙበት ሥራ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር የነበረው ነው። ዜማው የናልባንዲያን፣ ቃሉ የዮፍታሔ ነው። መዝሙሩም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ለተፈጸመው ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ደረሰ። የሥራውን ክብደት ለመገመት ሁለቱ ሰዎች ያደጉበትን ሙዚቃ ማነጻጸር ይበቃል። የአገራችን የዓለማዊ ዘፈን ስልቶች አምስት ድምፅ ሲኖራቸው የአውሮፓው ሰባት አለው። የያሬድ ዜማ እንደ ልብ ተስቦ የሚዜም ሲሆን ማርሽ ግን የወታደር እግር የሚቆጥረው ነው፤ አንዲት ፊደል ብትረዝም ሰልፉ ይፈርሳል። አማርኛ ደግሞ የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ ያለው ቋንቋ ስለሆነ፣ ቃሉ ያለ ቦታው ከጠበቀ ትርጉሙ ይለወጣል። ይህን ሁሉ አስማምቶ ሕፃን በአንድ ሳምንት ሊያጠናው የሚችል መዝሙር ማውጣት ቀላል ነገር አይደለም። በይዘቱ አገርንና ንጉሥን አንድ አድርጎ የሚያወድስ ነበረ፤ ይህ በዘመኑ ሰው ዘንድ እንደ ተገቢ ነገር ይቆጠር ነበር፤ ኋላ ግን ለመዝሙሩ ዕድሜ ማጠር ምክንያት ሆነ።

ወደ ቴአትሩ እንለፍ። በአማርኛ የመጀመሪያውን ቴአትር የጻፉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ ይህ «ፋቡላ» የሚባለው የአውሬዎች ጨዋታ በመኳንንቱ አስተዳደር ላይ የሚቀልድ በመሆኑ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትር እንዲከለከል ምክንያት ሆነ። ከ1923 ዓ.ም. ወዲህ ግን በሩ እንደገና ተከፈተ፤ በተከፈተውም በር አስቀድመው ከገቡት መካከል የትምህርት ቤት መምህራኑ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ናቸው። ዮፍታሔ «ጥቅም ያለበት ጨዋታ»፣ «ምስክር»፣ «እያዩ ማዘን» የተባሉትንና ሌሎችንም ጻፉ። ተጫዋቾቹ ተማሪዎች ነበሩ፤ ሴት በመድረክ መውጣት ገና አልተለመደም ነበርና የሴቶቹን ቦታ ወንዶች ልጆች ይይዙ ነበር።

እነዚህን ቴአትሮች ዛሬ የሚያነብ ወጣት ትዕግሥት ያስፈልገዋል። ንግግሩ ረጅም ነው፤ ሰዎቹ ከሥጋና ከደም ይልቅ የምግባር ስም የተሰጣቸው ምሳሌዎች ይመስላሉ፤ ምክሩም ከጨዋታው ይበልጣል። ይህን እያወቅን መሸፈን አይገባንም። ነገር ግን ሥራዎቹን በንባብ ብቻ መመዘን የዘፈንን ግጥም ያለ ዜማው እንደ መፍረድ ነው። ግጥሙ ለጆሮ የተሠራ ነው፤ ከንግግሩ መካከል መዝሙር ይገባል፤ ሐሳቡ ሰምና ወርቅ አለው። ተመልካቹ ቴአትር ምን እንደሆነ ገና ያላወቀ፣ ቅኔን ግን ከልጅነቱ ጀምሮ መስማት የለመደ ሕዝብ ነበር። ዮፍታሔ ለዚህ ሕዝብ እንግዳውን ነገር በሚያውቀው ዕቃ አድርገው አቀረቡለት። በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ አሠራር ለሕዝብ እናስተዋውቃለን ስንል ብዙ ጊዜ የሚያቅተን ይኸው ነገር ነው።

ጣሊያን ለወረራ በተዘጋጀበት በ1927 ዓ.ም. አቶ መኰንን ሀብተ ወልድ የሀገር ፍቅር ማኅበርን አቋቋሙ፤ በአዲስ አበባም ሕዝቡን ለነፃነቱ ለማነሣሣት ንግግርና ዘፈን በአደባባይ ይሰማ ጀመር። ትናንት የትምህርት ቤት መዝናኛ የነበረው መዝሙርና ግጥም የአገር ጉዳይ ሆነ። በ1928 ዓ.ም. ጦሩ ማይጨው ላይ ከተፈታና አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ከተሰደዱት ኢትዮጵያውያን አንዱ ሆኑ።

በዚያ የስደት ዘመን በትውልድ አገራቸው ሌላ ዓይነት ድምፅ ይሰማ ነበር። በቢቸና አውራጃ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ጠላትን መግቢያ መውጫ ሲያሳጡት፣ በጫካው የነበረው ሙዚቃ ፉከራ፣ ቀረርቶና ሽለላ ነው። መሣሪያ አይፈልግም፤ ኖታ አይፈልግም፤ ጉሮሮና ልብ ብቻ ይበቃዋል። በካርቱም ያለው ባለቅኔ በቀለምና በወረቀት፣ በዓባይ ማዶ ያለው አርበኛ በጉሮሮው፣ ሁለቱም ለአንድ ነገር ይሠሩ ነበር። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ምድር ገቡ፤ የድሉም መንገድ በጎጃም አቋርጦ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ደረሰ። ዮፍታሔም ከስደት ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከድርሰቶቻቸው ሁሉ ስሙ የገነነው «አፋጀሽኝ» ከዚህ ከወረራው ዘመን መከራ ጋር የተያያዘ ነው። አገር በሴት ምሳሌ ሆና ልጆቿ በእርስዋ ምክንያት ሲፋጁ፣ ሲከዷትና ሲሞቱላት የሚያሳይ ሥራ ነው። ቀድሞ በምግባር ምክር ይበዛ የነበረው ብዕር እዚህ ላይ ቁስል አግኝቷል፤ ስለዚህም ከቀሩት ይልቅ ወደ ልብ ይገባል። ዮፍታሔ ግን ነፃነቱን ለብዙ ዘመን አላዩትም። በ1939 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ ዐረፉ፤ ዕድሜያቸውም ከሃምሳው ጥቂት ያለፈ ነበር። የሙዚቃ ባልንጀራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን እስከ 1950ዎቹ ዓመታት በሕይወት ቆይተዋል።

ሰውየው ከሞቱ በኋላ መዝሙሩ ብቻውን ብዙ አገር ዞረ። ብሔራዊ መዝሙሩ ሰንደቅ ዓላማ በሚሰቀልበት ቦታ ሁሉ ተሰማ። ያን ጊዜ ቢቸናና ሞጣ የጎጃም ጠቅላይ ግዛት አውራጃዎች ነበሩ፤ በትምህርት ቤቶቻቸውም ልጆች በየጠዋቱ ተሰልፈው ይዘምሩት ነበር። ብዙ የገበሬ ልጆች የነሐስ ማርሽ ስልት የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያወቁት ያለ አንድም ነሐስ፣ በራሳቸው ድምፅ ነው። እንግዲህ አዲስ ሙዚቃ ወደ ምሥራቅ ጎጃም የመጣው በአንድ የምሥራቅ ጎጃም ልጅ ቃል ተጠቅልሎ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ይሁን እንጂ በ1960 ዓ.ም. በእነዚሁ በሞጣና በቢቸና አውራጃዎች ገበሬዎች አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር በመቃወም በመንግሥት ላይ ተነሡ። በአንድ በኩል ልጁ በትምህርት ቤት ንጉሡን የሚያወድሰውን መዝሙር ይዘምራል፤ በሌላ በኩል አባቱ ጠመንጃውን ይዞ በጫካ ይሸልላል። መዝሙርና ሽለላ፣ ዮፍታሔ በልጅነታቸው የሰሙትና በጉልምስናቸው የደረሱት፣ በአንድ ቤት ውስጥ ተፋጠጡ። መንግሥቱ ሲወድቅ መዝሙሩም አብሮ ወደቀ፤ በ1967 ዓ.ም. በሌላ ተተካ፤ ያም በ1984 ዓ.ም. ለሦስተኛ መዝሙር ቦታውን ለቀቀ። የናልባንዲያን ዜማ ምንም የፖለቲካ ጥፋት አልነበረበትም፤ ከቃሉ ጋር ተጋብቶ ስለነበር ግን አብሮ ተሰናበተ። እኛ በዚህ እናዝናለን፤ ባለሥልጣንን የሚያወድስ ግጥም ከባለሥልጣኑ ወንበር ጋር እንደሚነሣ እያወቅን፣ ጥሩ ዜማ አብሮት ሲሄድ ማየት ደስ አይልም።

የዮፍታሔን ሕይወትና ድርሰት ከመረሳት ያዳነው ባለቅኔው ዮሐንስ አድማሱ ነው። በዩኒቨርሲቲ በነበረበት ጊዜ የዮፍታሔን ሥራዎች አሰባስቦ በጥንቃቄ መረመረ፤ ጥናቱም ዮሐንስ ራሱ ከጠፋ ከብዙ ዓመታት በኋላ በመጽሐፍ ታትሞ ወጥቷል። ግጥሙን ለማንበብ የሚፈልግ ወጣት ከዚያ መጀመር ይችላል። ዜማውን በተመለከተ ግን መጽሐፍ ብዙ አይረዳውም፤ ማርሹን በጠዋት ሰልፍ የዘመሩት የዚያን ጊዜ ተማሪዎች ዛሬ በዕድሜ ገፍተዋል፤ በቢቸናም፣ በሞጣም፣ በአዲስ አበባም አሉ፤ ቢጠይቋቸው መጀመሪያ ትንሽ ያፍሩና ከዚያ እግራቸው መሬቱን መምታት ይጀምራል።